ያልጮኸው ገመድ

ማርያምን እላችኋለሁ፣ ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ፣ ሶዶ መናኸሪያ መሃል ቆሜ ኮቴን አውልቄ እበላዋለሁ፤ ከነቁልፉ። ሰዎች ስለ እኔ የሚያወሩትን አላጣሁትም። «መክብብ ሲያወራ ግማሹን ለንፋስ ተውለት» ይባላል አሉ። ይባል። ይሄኛው ግን ምስክር አለው፤ ምስክሩም በዋዛ አፋቸውን የሚከፍቱ ሰው አይደሉም። ከአረካ ወደ ዱቦ በሚወስደው አዲሱ መንገድ ስትሄዱ፣ ከትልቁ የአፈር ሙሌት ግርጌ፣ በእንሰት የተከበበች የቆርቆሮ ቤት ታያላችሁ። በሩን አንኳኩና እማማ ፈጠነችን ጠይቁ። ያቺ ቤት ዛሬም የቆመችው በማን ወንድነት እንደሆነ ይነግሯችኋል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ሶዶ ውስጥ መሐንዲስ ሞልቷል፣ አፈርን በጠረኑ የሚለይ ግን አንድ ነው፤ እሱም አሁን እየጻፈላችሁ ነው። ቀይ አፈር መዳፌ ላይ አድርጉልኝ፣ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደሆነም ጭምር እነግራችኋለሁ። የዘር ነው። ወንድ አያቴ ከሰሜን ከሹማምንቱ ጋር ወደ ወላይታ የመጡ ቃላድ ጣይ ነበሩ። በዚያ ዘመን መሬት በገመድ እየተለካ ይከፋፈል ነበር፤ ገመዱን የሚዘረጉት እሳቸው ነበሩ። ቃላዱን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ከዳሞታ ተራራ ሲወርዱ፣ አገሩ በሙሉ እስትንፋሱን ይይዝ ነበር ይባላል። ይባላል የምለው ለትሕትና ነው እንጂ የምለው እኔው ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ካቻምና ግንቦት ላይ ነው። የምሠራባት ቢሮ ትንሽ የአማካሪዎች ቢሮ ናት፤ ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ ሲፈልግ የሚያትም አንድ ማተሚያ፣ እና እኔ። የአረካና የዱቦ መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ሸለቆው ላይ ያለው የድሮ ሙሌት ከፍ እንዲል ተወሰነ። ቁመቱ፣ ዓይኔ አይዋሽም፣ ከሶዶ ትልቁ ፎቅ ይበልጣል። ማኅሌት ዐሥራ አንድ ሜትር ነው ትላለች። ማኅሌት የቢሯችን ወጣት መሐንዲስ ናት፤ ሁሉን ነገር በሜትር የመናገር ክፉ ልማድ አለባት።

ሙሌቱ አንድ ችግር ነበረበት። በክረምት ከላይ በኩል ውሃ ይተኛበታል፣ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው የውሃ ማሳለፊያ ጠባብ ነው። የተኛው ውሃ ደግሞ ቁጭ ብሎ አያይም፣ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ሆድ ይገባል። ጥያቄው ምን ያህል ገብቷል የሚለው ነበር። ይሄ ጥያቄ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ልንገረው።

ገበያ ቀን ከቦዲቲ የሚነሳ ሚኒባስ አስቡ። ሰው በሰው ላይ ተጭኗል፣ መተንፈሻ የለም። መኪናው ሲታጠፍ ማንም አይወድቅም፤ ለምን ቢባል ሁሉም ሁሉን ጨምድዶ ይዟል። አፈርም እንዲሁ ነው፣ ቅንጣት በቅንጣት ላይ ተደግፎ ይቆማል። አሁን በየሰዉ መሃል የተነፋ የብስክሌት ጎማ አስገቡ። ያው ሕዝብ ነው፣ ያው ክብደት ነው፣ ግን ሸክሙን ጎማው ይወስደውና ሰው ከሰው ጋር መያያዙ ይቀራል። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሁሉም አንድ ጎን ሄዶ ይከመራል። በአፈር ቅንጣቶች መሃል የታሰረው ውሃ ያ ጎማ ነው። እኛ ፖር ፕሬዠር እንለዋለን። ይሄንን ምሳሌ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው እንደሚያስተምሩበት አልጠራጠርም።

ማኅሌት ሙሌቱን ኮምፒውተሯ ላይ ሣለችው። ፕሮግራሙ ቁልቁለቱን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆራርጥና የትኛው ቁራጭ ሊንሸራተት እንደሚፈልግ ያሰላል፤ በመጨረሻ አንዲት የደህንነት ቁጥር ይሰጣል። አንድ ተኩልና ከዚያ በላይ ከሆነች ሰላም እንተኛለን። አንድ ከሆነች ሙሌቱ ሻንጣውን አዘጋጅቷል ማለት ነው። ማኅሌት አፈሩን ደረቅ አድርጋ ስታሰላው ቁጥሯ ከአንድ ተኩል አለፈች። ከዚያ ሰማያዊ መስመር ሣለችበት፤ መስመሩ የውሃው ከፍታ ነው። ቁጥሯ አንድን ልትነካ ምንም አልቀራት። ያው አፈር፣ ያው ቁልቁለት፤ የተለወጠው ውሃ አለ ብሎ ማሰቡ ብቻ ነው።

የቢሮው ኃላፊ አቶ በድሉ ይሄንን ሲያይ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። አቶ በድሉ ወፍራም ውሳኔ በቀጭን ድምፅ የሚናገር ሰው ነው። ቁልቁለቱ ጋደል ይበል፣ ሰፋ ይበል አለ። ሙሌት ጋደል ሲል ግርጌው ወደ ፊት ይሄዳል። በካርታው ላይ ግርጌው የሄደው በእማማ ፈጠነች ጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል አልፎ፣ በቤቱ ላይ ነበር።

«ቤቷ ትነሳለች» አለ፣ ስለ ወንበር እንደሚያወራ። «ካሳ ይሰጣታል። ፈርም።»

አልፈርምም አልኩ። እንዴት እንዳልኩት መጻፍ ይቸግረኛል፤ የቢሮው መስታወት ተንቀጥቅጧል፣ ከታች ያሉት ባጃጆች ቆመዋል፣ ሾፌራችን ደገፉ መሬት የተንቀጠቀጠ መስሎት ከመኪናው ወርዷል። ሰማያዊ መስመር ኮምፒውተር ላይ ሣልክ ማለት ውሃ አየህ ማለት አይደለም አልኩት። የሰው ቤት የሚፈርሰው በተገመተ ውሃ ነው ወይ? ቆፍረን እንለካ። ውሃ ካለ በገዛ እጄ እፈርማለሁ፤ ከሌለ ግን ቁልቁለቱ እንዳለ ይቆማል፣ ቤቱም ይቆማል።

አቶ በድሉ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰና «ክረምቱ እስኪያልቅ ጊዜ አለህ» አለ።

በሳምንቱ መቆፈሪያ ማሽን ይዘን ሄድን። ሙሌቱን ከወገቡ ላይ ቆፍረን እስከ ግርጌው የሚወርድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰደድንበት። የአፈሩ ውሃ በቱቦው ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይገባና የራሱ ከፍታ ላይ ይቆማል። እኛ ደግሞ ከላይ ገመድ እንሰዳለን። ገመዱ ጫፉ ላይ ብረት አለው፤ ብረቱ ውሃ ሲነካ ጥቅልሉ ይጮሃል፣ ቀይ መብራትም ያበራል። ሙሌቱ ደረቅ ከሆነ ገመዱ አይጮህም። በቃ ይሄው ነው።

እማማ ፈጠነችን ያወቅኋቸው ያን ቀን ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው ወደየከተማው የሄዱባቸው ሴት ናቸው። ማሽኑ ሲጮህ ከእንሰቱ መሃል ወጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ቤቴን ልታፈርስ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ላድነው ነው እንጂ እማማ» አልኩ።

«በምን?»

«በዚህ» ብዬ ገመዱን አሳየኋቸው።

ገመዱን ብዙ አዩት። ከዚያ ዝናብ መጣና ወደ ቤት አስገቡን፣ ሻይም አፈሉልን። እኔም ማን ቤታቸው እንደገባ እንዲያውቁ ብዬ ስለ አያቴ ነገርኳቸው፤ ቃላዱን፣ ትከሻቸውን፣ ከዳሞታ ሲወርዱ አገሩ እንዴት እንደሚሆን። አያቴ ይሄንን ሰፈር ሳይለኩት እንዳልቀሩም ጨመርኩ፤ በዚህ ማንም አገሩን ያስለካ ሰው እንደሚኮራ እርግጠኛ ነበርኩ። እማማ ፈጠነች ሻዩን እየቀዱ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«የሱ ገመድ ከዚህ ይረዝም ነበር?»

«በጣም» አልኩ።

አጠያየቃቸው ደስ አለኝ። ቴክኒክ የሚገባው ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ ስለ ቱቦውም አስረዳኋቸው፤ ቀይ ጭቃ እንዴት ጠባብ እንደሆነ፣ ውሃ በውስጡ እንደ ቢሮ ጉዳይ እንዴት እንደሚንፏቀቅ፣ ቱቦው ሥር ያለው ውሃ አንድ ጊዜ ቢጎድል ተመልሶ እስኪሞላ ቀናት እንደሚፈጅ። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ እንደሳቸው ያዳመጠኝ የለም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ምን ዓይነት ክረምት መሰላችሁ! ሰማዩ የተቀደደ ነበር። ከሙሌቱ በላይ ውሃው ተኝቶ ሐይቅ ሆነ፤ አባያ ሐይቅ መጥቶ ቢያየው ይቀና ነበር። እኔ በየሳምንቱ ረቡዕ ረቡዕ ከሶዶ እየተነሳሁ፣ በጭቃ እየተንሸራተትኩ፣ ቱቦው ዘንድ እደርስና ገመዴን እሰዳለሁ። ገመዱ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ዝም። ብረቱ የቱቦውን ታች ቀጭ አድርጎ ይነካል። ዝም። በሚቀጥለው ረቡዕም ዝም።

የቱቦው ክዳን በመጀመሪያው ወር ጠፍቶ ነበር። እማማ ፈጠነች ግን ዝናብ እንዳይገባበት የበቆሎ ቆረቆንዳ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ወትፈውበት አገኘሁ። እንዲህ ዓይነት ባለአደራ! እኔም ከልኬት በኋላ ወደ ቤታቸው ጎራ እላለሁ፣ ሻይ ያፈሉልኛል። ስለዚያ ሻይ አንድ ነገር ልበል። በሶዶ ካሉ ሻይ ቤቶች ያልገባሁበት የለም፤ እንደዚያ ያለ ሻይ ግን አልጠጣሁም። ከሥሩ የአፈር ጣዕም ነገር አለው፣ ወፍራም፣ ምላስ ላይ የሚቆይ። የዚህ ሰፈር ውሃ የተለየ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አንድ ቀን በጠርሙስ ወደ ቤቴ ልወስድ ጠይቄ ነበር፤ «እዚሁ ስትመጣ ጠጣ» አሉኝ።

ማኅሌት ግን አልተዋጠላትም። አንድ ረቡዕ አብራኝ መጣችና ከቱቦው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሐይቁን አየች፣ ቱቦውን አየች፣ እንደገና ሐይቁን አየች።

«ጋሽ መክብብ፣ ይሄ አይሆንም» አለች። «ውሃው ከላይ ተኝቶ አፈሩ ውስጥ አንድ ጠብታ እንዴት አይኖርም? አንድ ቱቦ አይበቃም። ወይ ተደፍኗል፣ ወይ ውሃው ገና አልደረሰም።»

«ወይ ደግሞ የለም» አልኩ።

«እኔ መስመሩን ከሞዴሉ አላነሳም።»

ኮስተር ብላ ነው ያለችው፤ ልጅቷ እልኸኛ ናት፣ ይሄን አልክድም። ከዚያ ሌላ መላ አመጣች። እማማ ፈጠነች እንሰታቸውን እየኮተኮቱ በሚሰሙበት፣ በእጇ መሬት ላይ እየሣለች አስረዳች፤ በሙሌቱ ግርጌ ውስጥ ለውስጥ የጠጠር መስመር ይቀበር፣ ውሃው ወደ ጠጠሩ ይውረድና ወደ ወንዙ ይሂድ። ውሃው ከወጣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቁልቁለቱ ጋደል ማለት አያስፈልገውም፣ ቤቱም አይነካም።

ሳቅሁባት። ለሌለ ውሃ ቦይ የሚቀብር መሐንዲስ፣ ለሌለ በሬ በረት የሚሠራ ገበሬ ነው አልኳት። እማማ ፈጠነች ኩትኳቷቸውን አቁመው መሬት ላይ የተሣለውን መስመር ሲያዩ ነበር። እሳቸውም የሳቁባት መሰለኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በአንዱ ረቡዕ፣ አቶ በድሉ ራሱ መጣ። ብቻውን አይደለም፤ ከዞን ሰው፣ ከወረዳ ሰው፣ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ሙሌቱ ላይ ቆመ። አንድ ሺህ ሰው ነበር። ደገፉ ሰላሳ አይሞላም ይላል፤ ደገፉ መሪ ላይ እንጂ ቁጥር ላይ ጎበዝ አይደለም።

አቶ በድሉ ጃንጥላውን ይዞ በዚያች ቀጭን ድምፁ ለዞኑ ሰው ነገሩን አስረዳ። መሐንዲሱ ግትር ሆኖብን እንጂ ጉዳዩ ካለቀ ቆይቷል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በዚህ ሁሉ ዝናብ አፈሩ ደርቋል የምትለውን እስቲ በሰው ፊት አሳየን አለኝ።

የእማማ ፈጠነችን ፊት አየሁት። ከቤታቸው ደጃፍ ቆመዋል። ነጠላቸውን ከአገጫቸው ሥር አጥብቀው ይዘዋል፣ ዓይናቸው ገመዱ ላይ ነው። ያን ጊዜ ገመዱ አንድ ጊዜ ቢጮህ በማግስቱ ዶዘር ይገባል። ይሄንን ሁላችንም እናውቃለን።

ቆረቆንዳውን አወጣሁ። ብረቱን ለሕዝቡ አሳየሁ። በአንድ ጣሳ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ጮኸ፣ ቀዩ መብራት በራ። መሣሪያው ተበላሽቷል የሚል እንዳይኖር ነው። ከዚያ አደረቅሁትና ወደ ቱቦው ሰደድኩት። ወረደ። አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር። ዝናቡ ራሱ የቆመ መሰለኝ። የዞኑ ሰው አንገቱን አሰገገ። ወረደ። ማኅሌት ከንፈሯን ነከሰች። ታች ደረሰ። ብረቱ ታቹን ቀጭ አድርጎ ሲነካ ተሰማኝ።

ዝም።

ያን ዝምታ ብትሰሙት! በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አልሰማሁም። ገመዱን ከፍ ዝቅ አደረግሁት፣ ዝም። አቶ በድሉ ገመዱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሞከረው፣ ዝም። ለዞኑ ሰው ሰጠው፣ ዝም። ከኋላ አንድ ሰው እልል አለ፣ ከዚያ ሁሉም።

እኔም ዝም ያልኩ መሰላችሁ? ሙሌቱ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩ። የሰው ቤት በግምት አይፈርስም፣ ኮምፒውተር ውሃ አይጠጣም፣ አፈሩን ያልጠየቀ ስለ አፈሩ አይፈርምም አልኩ። ድምፄ ዱቦ ድረስ ተሰምቷል፤ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ የነበረ አንድ ሕመምተኛ ተነስቶ ተቀምጧል ብለውኛል። አቶ በድሉ ጃንጥላውን አጠፈ። እማማ ፈጠነች ሁላችንንም ወደ ቤት ጠሩና ሻይ አፈሉ፤ የዞኑም ሰው ጠጣ፣ አቶ በድሉም ጠጣ፣ «ደህና ሻይ ነው» አለ። ከሱ አፍ ምስጋና ሲወጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሙሌቱ ቁልቁለቱ እንዳለ ሆኖ ከፍ አለ። ጠጠር አልተቀበረም። ቤቱ ቆመ። መንገዱ ተከፈተ፣ የጭነት መኪናዎች ከእማማ ፈጠነች ጣሪያ በላይ ያልፉ ጀመር። ማኅሌት ሰማያዊ መስመሯን ከሞዴሉ አላነሳም ስላለች ሥራው ከእሷ ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ። ቱቦውን ከዚያ ወዲህ የለካው ሰው የለም፤ ምን ይለካል?

ይሄንን ታሪክ አምናን ሙሉ፣ ዘንድሮም እስካሁን፣ ከሶዶ እስከ ቦዲቲ አውርቼዋለሁ። ቢያንስ ሦስት ሠርግና አንድ ለቅሶ ላይ ሰው ሳይቀመጥ ቆሞ ሰምቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለጊፋታ ጠሩን። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ሰው ዘመዱን ነው የሚጠራው፤ እማማ ፈጠነች ግን እኔን፣ ማኅሌትን፣ አቶ በድሉን ሳይቀር ልጅ ልከው አስጠሩ። ይሄ የክብር ጥግ ነው ብዬ ኮቴን አስተኮስኩ። ቤቱ ሞልቷል። ሥጋው፣ ቆጮው፣ ዳጣው ተደርድሯል። ዳጣው በቃሪያው ኃይል እንባዬን አፈሰሰው፣ ሰዎች ግን በደስታ ያለቀስኩ መሰላቸው፤ አላረምኳቸውም። በሩ በነፋስ እየተገፋ ይመለስ ስለነበር አንዱ ተነስቶ ድንጋይ አስደገፈው።

ብሉልኝ ጠጡልኝ ሲባል ታሪኩን ጀመርኩ። ግንቦት ላይ ተነሳሁ፣ መስታወቱን አንቀጠቀጥኩ፣ ክረምቱን አዘነብኩ። ሕዝቡን ሙሌቱ ላይ አቆምኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ሁለት ሺህ ሆነው ነበር። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ደረሰ፤ እዚያ ላይ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ቤቱም አብሮኝ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እማማ ፈጠነች ዞሬ እጄን ዘረጋሁ።

«እማማ፣ ምስክሬ እርስዎ ነዎት። ነበረ ወይ ውሃ?»

ሻይ እየቀዱ ነበር። ቀና አላሉም፣ ድምፃቸውንም አላነሱም።

«ነበረ» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው ማለቴ ነበር። የቀዱትን ብርጭቆ ለአቶ በድሉ አቀበሉና ተነሱ። ከምሰሶው ጀርባ ካለ ሚስማር ላይ አንድ ነገር አወረዱ። ቀጭን የሽሮፕ ጠርሙስ ነው። አንገቱ ላይ ረጅም ሲባጎ፣ ቂጡ ላይ ደግሞ የብሎን ብረት ታስሮበታል። ያንን ጠርሙስ በየረቡዕ አየው ነበር፤ የላም መድኃኒት መስጫ ነበር የሚመስለኝ።

«ውሃማ ነበረ፣ ኢንጂነር» አሉ። «እኔ ነኝ የቀዳሁት። ማክሰኞ ማክሰኞ። አንተ ረቡዕ ነበር የምትመጣው። ጭቃው ውሃ ቶሎ አይመልስም፣ ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

ማንም አልሳቀም። አንድ የጭነት መኪና ከላይ አለፈና ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ምዬ ባልጀምር ኖሮ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጥ ነበር። ምያለሁና የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ።

ማኅሌት ናት ቀድማ የተነፈሰችው። «የት ደፉት?» አለች፣ በቀስታ።

«ውሃ ይደፋል እንዴ? ምንጩ ሩቅ ነው። ሻይ አፈላሁበት።»

አቶ በድሉ ከንፈሩ ላይ የደረሰውን ብርጭቆ አወረደ። ወደ ውስጡ አየ።

እኔ ብዙ የምናገረው ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ምነው እማማ፣ እኔ ለእርስዎ ብዬ» የሚል ብቻ ነው።

«ለእኔ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ» አሉ። አልተቆጡም፣ አልተሸማቀቁም፤ ጠርሙሱን በእጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ግን አያትህ በገመድ ሲለካ ከላይ ያለው መሬታችን ሄደ። አባቴ ነው የነገረኝ። አንተ ደግሞ ገመድ ይዘህ መጣህ፣ የሱ ልጅ ነኝ አልከኝ። ገመዱ ቢጮህ ቤቴ ይሄዳል። እንዳይጮህ አደረግሁ።»

ወደ በሩ ዞሩና ድንጋዩን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። በሩ ተወዛወዘና ከመቃኑ ጋር ሳይገጥም ቀረ። ከላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው፤ ከታች ወለሉን ይፍቃል።

«ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ቤቱ ዘምሞ በሩ አልዘጋ ብሏል» አሉ። «ቱቦውም በዚህ ክረምት ብቀዳው ብቀዳው አያልቅም። ለዚህ ነው የጠራኋችሁ።»

አቶ በድሉ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደዚያ ከሆነ ነገሩ አደገኛ ነው፣ ቤቱ ሳይውል ሳያድር መልቀቅ ይኖርበታል ብሎ ጀመረ።

«አልለቅም» አሉት። «ያኔም አልለቅም ብዬ ነው፣ አሁንም አልለቅም።» ከዚያ በጠርሙሱ ወደ ማኅሌት ጠቆሙ። «ይቺ ልጅ ጠጠር ይቀበር ብላ መሬት ላይ ሥላ ነበር፣ አይቻለሁ። እሷን አሠሯት። ውሃውን ከአፈሩ አውጡልኝ። እኔን ከቤቴ አታውጡኝ።»